በሊትር ይለካ የነበረው የላንግዶክ ወይን ጠጅ ስሙ እንዴት ተለወጠ?

ጠጅ ቤት የኖረ ሰው የስኳርን ነገር ያውቀዋል። ማር ሲወደድ አንዳንዱ ነጋዴ ስኳር በጥብጦ፣ ቀለም ጨምሮ፣ “የማር ጠጅ ነው” እያለ ይቀዳል። ጠጪው በማግሥቱ ራሱን ሲፈልጠው ነገሩ ይገባዋል። ከጠጪው ይልቅ የሚጎዳው ግን በእውነተኛ ማር የሚጥለው ሰው ነው፤ በዋጋ አይወዳደርም፣ ስሙም ከአጭበርባሪው ጋር አብሮ ይጠፋል። ይኸው ነገር ከመቶ ዓመት በፊት በደቡብ ፈረንሳይ ደርሶ ሕዝብ አነቃንቋል፣ ወታደርም አሸፍቷል።

ቦታው ላንግዶክ ይባላል። ከሮን ወንዝ ወደ ስፔን አቅጣጫ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር የተዘረጋ፣ ፀሐይና ነፋስ የማይለየው አገር ነው። ወይን የተተከለበት ከጥንት ዘመን ጀምሮ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰው ስለ ፈረንሳይ ወይን ጠጅ ሲያወራ ቦርዶንና ቡርጎኝን ይጠራል እንጂ ላንግዶክን ለረጅም ጊዜ በበጎ የሚያነሣው አልነበረም። ምክንያቱም አንድ ሁለት አልነበረም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባቡር ገባ። ፓሪስና የሰሜኑ የፋብሪካ ሠራተኛ ርካሽ ቀይ ወይን ጠጅ ይፈልግ ነበርና ላንግዶክ አቅራቢው ሆነ። ከዚያ በኋላ ፊሎክሴራ የምትባል የወይንን ሥር የምታጠፋ ጥቃቅን ተባይ ከአሜሪካ መጣች። በ1863 በጋር አውራጃ ታየች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም እርሻውን እንደ እሳት በላችው። የሞንፔልዬው የዕፅዋት ሊቅ ዡል ኤሚል ፕላንሾን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1868 ተባይዋን ለዩዋት። መድኃኒቱም በመጨረሻ የፈረንሳይን ወይን ተባዩ በማይጎዳው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አያይዞ መትከል ሆነ። ገበሬው እርሻውን እንደገና ሲተክል ግን ድንጋያማውን ኮረብታ ትቶ ወደ ለሙ ሜዳ ወረደ። የመረጠውም አራሞን የሚባለውን፣ ፍሬው የሚበዛ ጣዕሙ ግን የሳሳ ዝርያ ነበር። ከአንድ ሄክታር ከ200 ሄክቶሊትር በላይ ይገኝበት ነበር። ዛሬ ጥሩ ወይን ጠጅ የሚሠራ ሰው ከዚያ ሩቡን ካገኘ ይበቃዋል። ቀለሙ የነጣውንና ጉልበቱ ያነሰውን ይህን ወይን ጠጅ ነጋዴዎች ከአልጄሪያ በሚመጣው ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ እያበረቱ ይሸጡት ነበር።

ተባይዋ አገሩን ባራቆተችበት ዘመን ከስኳርና ከደረቀ ዘቢብ ወይን ጠጅ መሥራት ተለምዶ ነበር። እርሻው ሲያገግም አስመሳዩ አልጠፋም። ገበያው ሞላ፣ ዋጋው ወደቀ፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የወይን ገበሬው ዕዳውን መክፈል አቃተው። ማርች 11 ቀን 1907 ማርሴለን አልቤር የሚባሉ፣ በአርዤሊዬ መንደር ትንሽ እርሻና ቡና ቤት የነበራቸው ሰው፣ 87 ሰዎች አስከትለው ወደ ናርቦን በእግር ሄዱ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ሰልፉ እየበዛ ሄዶ ጁን 9 ቀን ሞንፔልዬ ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰበሰበ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዦርዥ ክሌመንሶ ጦር ላኩ። ናርቦን ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞቱ። ይህን የሰሙ የ17ኛው እግረኛ ሬጅመንት ወታደሮች፣ ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች ነበሩና፣ አምፀው ሌሊቱን ከአግድ ወደ ቤዚዬ ገሰገሱ። በኋላም ወደ ቱኒዚያ ተላኩ። የሰልፉ መሪ አልቤር መጨረሻቸው አሳዛኝ ነው። ፓሪስ ሄደው ክሌመንሶን ሲያነጋግሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለመመለሻ ባቡር ብለው 100 ፍራንክ ሰጧቸው፤ ወሬውንም ለጋዜጠኞች ነገሩ። አልቤር ገንዘቡን መቀበላቸው እንደ ጉቦ ተቆጠረባቸውና የገዛ ወገናቸው ፊቱን አዞረባቸው። በ1921 በድህነት ሞቱ።

በዚያው ጁን ወር የወጣው ሕግ ስኳርንና ውኃን የሚቆጣጠር፣ እያንዳንዱ ገበሬ ያመረተውን እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ ነበር። ማጭበርበሩ በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን ወይን ጠጁ በብዛቱና በአልኮል መጠኑ ብቻ እየተመዘነ መሸጡ አልቀረም። እንዲህ ባለ ገበያ ፍሬውን ቀንሶ ጣዕሙን የሚያሻሽል ገበሬ የሚያተርፈው የጎረቤቱን ሣቅ ብቻ ነበር። በየመንደሩ የተቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ትንሹን ገበሬ ከነጋዴ መንጋጋ አውጥተውታል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ዳሩ ግን የጥሩውንም የመጥፎውንም ፍሬ በአንድ ጋን መጨመራቸው አልቀረም።

አደጋው የመጣው ጠጪው ሲለወጥ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ፈረንሳዊ በአማካይ በዓመት ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ግማሹን እንኳ አይጠጣም። የቀነሰው ደግሞ በትክክል ያ ርካሹ ወይን ጠጅ ነው። በ1970ዎቹ የጣሊያን ወይን ጠጅ በገፍ ሲገባ የላንግዶክ ገበሬዎች መንገድ ዘጉ፣ ቦቴ ገለበጡ። ማርች 4 ቀን 1976 ሞንትሬዶን ላይ ከፖሊስ ጋር ተታኩሰው አንድ ገበሬና አንድ የፖሊስ አዛዥ ሞቱ።

የለውጡ ጅማሬ የታየው በዚሁ አስርት ዓመት ውስጥ ነው፤ ያመጣውም የወይን ገበሬ አልነበረም። ኤሜ ጊቤር የሚዮ ከተማ የጓንት ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። (የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳም በጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የተጠራ ነው።) በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከባለቤታቸው ከቬሮኒክ ጋር ሆነው በአኒያን መንደር አጠገብ፣ በጋሳክ ወንዝ ሸለቆ፣ አንድ የቆየ እርሻ ገዙ። ምን እንደሚተክሉበት በውል አላወቁም ነበር። የቦርዶው የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር አንሪ አንዣልቤር ቦታውን ጎብኝተው ቀዩን፣ ጥልቁንና ውኃ የማይቋጥረውን አፈር ሲያዩ ታላቅ ወይን ጠጅ ሊወጣው የሚችል ነው አሉ። እውቅናው ግን 200 ዓመት ሊፈጅ ይችላል ብለዋቸው እንደነበር ይነገራል። ሌሊት ሌሊት ከላርዛክ አምባ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም ፍሬው ቀስ ብሎ እንዲበስል ያደርገዋል።

ጊቤር የተከሉት በአመዛኙ የቦርዶውን ካበርኔ ሶቪኞን ነው። በ1978 የመጀመሪያውን ምርት ሲሠሩ የዘመኑ ትልቅ የወይን ጠጅ ጠቢብ ኤሚል ፔይኖ ምክር ሰጧቸው። የአካባቢው ደንብ ካበርኔን ስለማይፈቅድ ግን ያ ወይን ጠጅ ለገበያ የወጣው በሕግ ከሁሉ ዝቅ ባለው ደረጃ፣ “የገበታ ወይን ጠጅ” ተብሎ ነበር። መጀመሪያ የገዟቸው ወዳጅ ዘመድ ናቸው። በ1982 ጎ ሚዮ የሚባለው የምግብና የመጠጥ መጽሔት ማስ ደ ዶማ ጋሳክን ከቦርዶው ሻቶ ላፊት ጋር ሲያስተያየው ፈረንሳይ ደነገጠች። ከ200 ዓመቱ አራቱ ብቻ ነበሩ ያለፉት።

ይህ ነገር ለሌሎች በር ከፈተ። ወጣቱ ኦሊቪዬ ዡሊዬን በ1985 እዚያው አቅራቢያ፣ ዦንኪዬር ላይ፣ ወይኑን ለማኅበር ማስረከብ ትቶ ማስ ዡሊዬንን መሠረተ። ሎራን ቫዬ ደግሞ በአኒያን ግራንዥ ዴ ፔርን አቋቁሞ የ1992ን ምርት ለገበያ አቀረበ። በ2021 እስኪያርፍም ድረስ ወይን ጠጁ ተፈልጎ የማይገኝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ወደ ኮረብታው ተመለሱ። ሲራን፣ ሙርቬድርን፣ ግሬናሽን ተከሉ፤ የተናቀውን ያረጀ ካሪኛንም ሳይነቅሉ ፍሬውን አሳንሰው አከበሩት። በሌላ መንገድ ሮቤር ስካሊ የሚባሉ ነጋዴ ገበሬዎችን በውል አስተባብረው የወይኑን ዝርያ ስም በጠርሙሱ ላይ እየጻፉ ለውጭ ገበያ አቀረቡ፤ “ቫን ደ ፔይ ዶክ” የሚባለው ደረጃም በ1987 ተፈቀደ። ሕጉም ዘግይቶ ተከተለ፦ ፎዤርና ሳን ሺኒያን በ1982፣ ሚኔርቯና ኮርቢየር በ1985 የከፍተኛውን ደረጃ ስም አገኙ። ዡሊዬን የጀመረበት አካባቢ ቴራስ ዱ ላርዛክ ተብሎ ለብቻው የታወቀው በ2014 ነው።

ስሙ ሲያምር የውጭ ሰው ዓይን ጣለበት። በ2000 የካሊፎርኒያው ታላቅ ኩባንያ ሞንዳቪ በአኒያን የመንደሩ ደን ውስጥ ወይን ሊተክል አቀደ፤ የጊዜው ከንቲባም ደገፉት። ጊቤር፣ አዳኞችና የደን ተቆርቋሪዎች በአንድነት ተነሡ። በ2001 ምርጫ ከንቲባው ወደቁ፣ ኩባንያውም ለቅቆ ሄደ። ጊቤር የተሟገቱት ለደኑ ነው የሚሉ አሉ፤ ተፎካካሪ ፈርተው ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ሰውዬው በ2016 በ91 ዓመታቸው አረፉ።

የስሙ ዕድሳት ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ከ1970ዎቹ ወዲህ በዚያ አገር ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ወይን ተነቅሏል፤ የአውሮፓ ማኅበር ለሚነቅል ገበሬ ገንዘብ ይከፍል ነበርና። በሜዳው ላይ አራሞን ይዞ የቀረው አረጋዊ ገበሬ የዓለም መጽሔቶች ላንግዶክን ማወደስ ሲጀምሩ እርሱ ክፍያውን ተቀብሎ መጥረቢያ አንሥቷል። በ2024 ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት በመላ አገሪቱ ወይናቸውን ለሚነቅሉ በሄክታር 4,000 ዩሮ፣ በጠቅላላው 120 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። ከአመልካቾቹ ብዙዎቹ የላንግዶክ ሰዎች ነበሩ። ጁን 28 ቀን 2019 በኤሮ አውራጃ ሙቀቱ 46 ዲግሪ ደርሶ ቅጠሉና ፍሬው እንደ ተለበለበ ስላዩ፣ ከመካከላቸው የዋጋ መውደቅ ብቻ ሳይሆን የድርቅ ፍርሃት ያስነቀላቸው አይጠፉም።