በአንዲት ያርድ ላይ የሚሰጥ ፍርድ

አሜሪካውያን "የሰኞ ጠዋት ኳርተርባክ" የሚሉት ሰው አላቸው። እሁድ ጨዋታው አልቆ፣ ውጤቱም ታውቆ፣ ሰኞ ጠዋት ቡናውን ይዞ "እንዲህ ማድረግ ነበረበት" የሚለውን ሰው ነው። አበው ይህን ሰው በአራት ቃል ጨርሰውታል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር እኛም ከዚሁ ሰው ወገን ነን። ኳስ የሚያይ ሰው ሁሉ በልቡ አሰልጣኝ ነው፤ "እገሌን ለምን ቀየረው?" ብሎ የማያውቅ ተመልካች እስካሁን አልገጠመንም።

የዛሬው ወጋችን ግን ከለመድነው እግር ኳስ ወጣ ያለ ነው። አሜሪካውያን ኳሷን በእጅ ይዘው እየሮጡ "ፉትቦል" የሚሉትን ጨዋታ ታሪክ ይዘን አንድ ነገር መጠየቅ ፈለግን። አንድ አሰልጣኝ ተሳሳተ የምንለው ሲወስን ነው ወይስ ሲሸነፍ? ሁለቱ አንድ የሚመስሉት አንባቢ ካለ አራት ጨዋታዎችን አብሮን ይመልከት። (ቀኑም ዓመቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ሕጉ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ከየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከገፋ ሌላ አራት ያገኛል፣ ካልገፋ ኳሷ ለተጋጣሚው ትሰጣለች። ለዚህም ነው ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ሙከራ ኳሷን በእግር አርቀው የሚመቱት፤ ቅርብ ከሆኑ ደግሞ በቋሚዎቹ መሀል አሳልፈው 3 ነጥብ ይወስዳሉ። ኳሷን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ያለፈ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ተችዳውን ይሉታል። ኳርተርባክ የሚባለው ኳሷን ተቀብሎ የሚወረውረው ወይም ለሯጭ የሚሰጠው መሪ ተጫዋች ነው። አንድ ነገር ደግሞ ያዙልን፤ የተወረወረች ኳስ ሳትያዝ መሬት ከወደቀች ሰዓቱ ይቆማል፤ ሯጭ ሜዳው ውስጥ ከተጣለ ግን ሰዓቱ መሮጡን ይቀጥላል። የዛሬው ጭቅጭቅ ብዙው የሚያርፈው እዚህች ላይ ነው።

በበረዶው ላይ

ዲሴምበር 31 ቀን 1967፣ ግሪን ቤይ፣ ዊስኮንሲን። ግሪን ቤይ ፓከርስና ዳላስ ካውቦይስ ለሊጉ ዋንጫ ተገናኝተዋል። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሜዳው በረዶ ሆኗል። ጨዋታው ሊያበቃ 16 ሰከንድ ሲቀረው ዳላስ 17 ለ 14 ይመራል። ፓከርሶች ከመስመሩ አንድ ያርድ እንኳ የማይሞላ ቀርቷቸዋል፤ ሦስተኛ ሙከራቸው ነው፤ የእረፍት ጥሪያቸውን ጨርሰዋል። ቀደም ብለው በነበሩት ሁለት ሙከራዎች ሯጫቸው ዶኒ አንደርሰን በረዶው አዳልጦት ምንም አልገፋም።

አሰልጣኙ ቪንስ ሎምባርዲ ሦስት መንገድ ነበረው። ኳሷን አስመትቶ 3 ነጥብ ወስዶ፣ እኩል ሆኖ ወደ ተጨማሪ ሰዓት መሄድ ይችላል። ማስወርወርም ይችላል፤ ካልተያዘች ሰዓቱ ይቆምና በአራተኛው ሙከራ የመምታት ዕድል ይተርፈዋል። ማስሮጥም ይችላል፤ ሯጩ ከተጣለ ግን ሰዓቱ ያልቃል፣ ጨዋታውም አብሮ ያልቃል። ሎምባርዲ ከሦስቱ መመለሻ የሌለውን መረጠ። ኳርተርባኩ ባርት ስታር ኳሷን እንደያዘ ጄሪ ክሬመር በከፈተለት ቀዳዳ ሾልኮ መስመሩ ላይ ወደቀ። 21 ለ 17።

ዛሬ የሱፐር ቦውል ዋንጫ የሚጠራው በሎምባርዲ ስም ነው። እርግጥ ነው፣ ስሙን ያገኘው በዚያች አንድ ሙከራ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ስታርንም እንደ አንደርሰን በረዶው ቢያዳልጠው ኖሮ፣ ያ ውሳኔ ዛሬ ወኔ ይባል ነበር? እኛ እንጠራጠራለን። "ሦስት ነጥቡን ያልወሰደው ግትር ሰውዬ" ይባል ነበር። ውሳኔው ያው ነው፤ የሚለወጠው ስሙ ነው።

ሂሳብ የገባበት ክርክር

በ1971 ቨርጂል ካርተር የተባለ የሲንሲናቲ ቤንጋልስ ኳርተርባክ ከፕሮፌሰር ሮበርት ማኮል ጋር ሆኖ አንድ ጥናት አሳተመ። የጥናቱ ጥያቄ ቀላል ነበር። ኳሷ በሜዳው በየትኛው ቦታ ላይ ስትሆን በአማካይ ስንት ነጥብ ታወጣለች? ራሱ ሜዳ ገብቶ የሚጋጭ ተጫዋች እንዲህ ያለ ስሌት ሲሠራ ማየት የሚያስገርም ነው። ይሁንና አሰልጣኞቹ ብዙም አልሰሙትም። በ2006 ደግሞ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር ዴቪድ ሮመር ጉዳዩን እንደገና አነሳው። የደረሰበት መደምደሚያ፣ ቡድኖች በአራተኛው ሙከራ ኳሷን ከመምታት ይልቅ ለመግፋት መሞከር ያለባቸው በወቅቱ ይሞክሩ ከነበረው እጅግ አብልጠው ነው የሚል ነበር።

ታዲያ ለምን አይሞክሩም ነበር? መልሱ ከሂሳብ ውጭ ይመስለናል። ኳሷን አስመትቶ የተሸነፈ አሰልጣኝ "ተጫዋቾቹ አልቻሉም" ይባልለታል። ሞክሮ የተሸነፈ ግን "እሱ አበላሸው" ይባላል። ሰው ደግሞ ከመሸነፍ ይልቅ ብቻውን መወቀስን ይፈራል።

ኖቬምበር 15 ቀን 2009 ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሆነው ይህንኑ ነው። የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ አሰልጣኝ ቢል ቤሊቸክ ኮልትስን 34 ለ 28 እየመራ ነው፤ 2 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ቀርቷል። ኳሷ በራሱ ሜዳ 28ኛው ያርድ ላይ ናት፤ አራተኛ ሙከራ፣ 2 ያርድ ይቀራል። አገር ያወቀው ልማድ "ምታና አርቃት" ይላል። ማዶ ያለው ኳርተርባክ ግን ፔይተን ማኒንግ ነው። ቤሊቸክ ሁለቷን ያርድ ካገኘ ጨዋታው እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል። ቶም ብሬዲ ወረወረ፣ ኬቨን ፎክ ያዘ፣ ነገር ግን ጥቂት ሲቀረው ተጣለ። ማኒንግ ኳሷን ተረከበና ለሬጂ ዌይን አቀብሎ አስቆጠረ። 35 ለ 34።

በማግስቱ የወረደበት ውርጅብኝ ለጉድ ነበር። ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ስሌቱን ቁጭ ብለው የሠሩ ተንታኞች ግን "ውሳኔው ያዋጣል" ወይም "ቢበዛ እኩል በእኩል ነው" አሉ። እኛን የገረመን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፎክ የተጣለበት ቦታ በትክክል ተለክቷል ወይ የሚለውን ቤሊቸክ ዳኞቹን በምስል እንዲያዩለት መጠየቅ አልቻለም፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን የእረፍት ጥሪ ቀደም ብሎ ጨርሶት ነበር። የእውነት ስህተት ከተፈለገ እዚያ ጋር ይፈለግ ነበር። ጩኸቱ ግን ኳሷ የወደቀችበት ቦታ ላይ ቀረ።

26 ሰከንድ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015፣ ግሌንዴል፣ አሪዞና። ሱፐር ቦውል ነው። ሲያትል ሲሃውክስ በአራተኛው ሩብ መጀመሪያ ላይ ፓትሪየትስን 24 ለ 14 ይመራ ነበር፤ ብሬዲ ሁለት ተችዳውን አስቆጥሮ 28 ለ 24 አደረገው። ሲያትል የመጨረሻውን ጉዞ ጀመረ። ጀርሜይን ከርስ በጀርባው ወድቆ ኳሷ እላዩ ላይ እየነጠረች በተአምር ያዛትና ቡድኑን 5ኛው ያርድ ላይ አደረሰ። ቀጥሎ ማርሾን ሊንች ሮጦ አንድ ያርድ ብቻ እስኪቀር ገፋ። ሁለተኛ ሙከራ፤ 26 ሰከንድ፤ አንድ የእረፍት ጥሪ።

አሜሪካ በሙሉ ሊንች ኳሷን ይዞ ይገባል ብሎ ጠበቀ። የአሰልጣኝ ፒት ካሮል ቡድን ግን መወርወርን መረጠ። ኳርተርባኩ ራስል ዊልሰን ወደ ሪካርዶ ሎኬት ወረወረ። ከየት መጣ የማይባል ልጅ፣ ማልኮም በትለር፣ ቀድሞ ደርሶ ነጠቀ። አለቀ።

"በታሪክ የከፋው ውሳኔ" የሚለው ርዕስ በማግስቱ በየቦታው ተጻፈ። እስቲ ውሳኔው በተወሰነበት ሰከንድ ላይ እንቁም። ሲያትል ሦስት ሙከራ አለው፣ ሰዓቱ ግን ሦስት ሩጫ አይበቃም፤ አንዱ የግድ መወርወር አለበት። አሁን ተወርውራ ካልተያዘች ሰዓቱ ይቆማል፣ የእረፍት ጥሪውም አይነካም፣ ሁለት ሩጫ ይቀራል። ሊንች በዚያ የውድድር ዘመን ከአንድ ያርድ ላይ አምስት ጊዜ ሞክሮ የተሳካለት አንዴ ብቻ ነበር። በዚያው ዘመን በመላው ሊግ ከአንድ ያርድ ላይ ከተወረወሩት ኳሶች ደግሞ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አንድም አልተነጠቀም። አስታውሱ፣ ሎምባርዲ በ1967 የሰዓቱ ስሌት "ወርውር" እያለው አስሮጠና ተወደሰ። ካሮል ስሌቱ "ወርውር" ሲለው ወረወረና ተረገመ።

ይህን ስንል ካሮልን ከነጭራሹ ነፃ እያወጣን አይደለም። "ወርውር" ማለት አንድ ነገር ነው፣ "ሰው በሚተራመስበት መሀል ወርውር" ማለት ሌላ ነው። ወደ ጥግ ቢወረወር ኖሮ ወይ ትያዛለች ወይ ከሜዳ ትወጣለች። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢሆን እኛም እንሳተፍ ነበር። ሕዝቡ የተጣላው ግን ከዚህ ዝርዝር ጋር ሳይሆን ከውጤቱ ጋር ነው።

ሌላው የተዘነጋው የልጁ ሥራ ነው። በትለር ማንም ቡድን በምልመላ ያልመረጠው፣ ከኮሌጅ ቡድን ተባርሮ ዶሮ መሸጫ ቤት የሠራ የቪክስበርግ ልጅ ነበር። ፓትሪየትሶች በልምምድ ላይ ይህንኑ የሲያትል አሰላለፍ ሲሞክሩት ተበልጦ ግብ ገብቶበት ነበር። በጨዋታው ቀን ያንኑ አሰላለፍ ሲያይ አላመነታም። ጓደኛው ብራንደን ብራውነር ደግሞ ከፊት ያለውን ከርስን ገትሮ መንገዱን አስለቀቀለት። እኛ "ካሮል ተሳሳተ" ስንል የሁለቱን ሰዎች ሥራ ከታሪኩ እንሰርዛለን። አንዳንዴ እኮ ሰው የሚሸነፈው ስለተሳሳተ ሳይሆን ማዶ ያለው ስለበለጠው ነው።

ካሮል ከጨዋታው በኋላ ጥፋቱን ለተጫዋቾቹ አላሸከመም። "ኃላፊነቱ የኔ ነው" አለ፣ ለምን እንደወሰነም አስረዳ። ብዙ ሰው አላመነውም። ቢሆንም የምንከራከርበትን ነገር ሰጥቶናል።

ዝም ያለው ውሳኔ

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018፣ ሚኒያፖሊስ። ፓትሪየትስ ከፊላደልፊያ ኢግልስ። የፊላደልፊያው አሰልጣኝ ደግ ፒደርሰን ከእረፍት በፊት በአራተኛ ሙከራ፣ ከአንድ ያርድ ላይ፣ 3 ነጥቡን ትቶ ተችዳውን ፈለገ፤ ኳርተርባኩን ኒክ ፎልስን ራሱን ኳስ ተቀባይ አድርጎ አስቆጠረ። ስለተሳካ ዛሬ የድፍረት ምሳሌ ነው። እኛ ግን ዓይናችን ማዶ ነው ያለው።

በዚያ የውድድር ዘመን ከመከላከያው ሜዳ ያልጠፋው ማልኮም በትለር ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። ገና ከጨዋታው በፊት የሕዝብ መዝሙር ሲዘመር እንባው በጉንጩ ሲወርድ ካሜራ አሳየው። በመከላከል ረገድ አንዲት ሙከራ እንኳ ሳይሰለፍ ፎልስ 373 ያርድ ወረወረ፤ ፓትሪየትስ 41 ለ 33 ተሸነፉ። ለምን? ቤሊቸክ "ለማሸነፍ ይበጃል ያልነውን አደረግን" ከሚል ዓይነት መልስ አልፎ አላብራራም። ዝምታው የተወውን ክፍተት ሐሜት ሞላው፤ ሥነ ምግባር አጉድሎ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ በትለርም በጽሑፍ ወጥቶ ለማስተባበል ተገደደ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቴነሲ ሄደ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ክርክር መልሰን መፈተሽ ግድ ይለናል። እስካሁን "በውጤቱ አትፍረዱ" ስንል ቆየን። በዚህኛው ጉዳይ ግን በምን እንፍረድ? የ2009ኙን ቤሊቸክ የምንከላከልለት ስሌቱን ማየት ስለቻልን ነው። የ2015ቱን ካሮል የምንከላከልለት ምክንያቱን ስለነገረን ነው። የ2018ቱ ውሳኔ ምናልባት ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ምክንያቱ ካልታወቀ የሚከላከልለትም የሚነቅፈውም የሚይዘው የለም። የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስሙ በሐሜት የተነሳው ተጫዋች።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። አሰልጣኝን የምንመዝነው በሚያውቀውና በወሰነበት ሰከንድ ላይ ቆመን መሆን አለበት፤ ይህ የእኛ ዕዳ ነው። ለዚህ ፍትሕ የሚከፈል ዋጋ ደግሞ አለ፤ ውሳኔው ሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ ምክንያቱን መናገር። ይህ የእሱ ዕዳ ነው። የሎምባርዲ ዕድል ለሁሉም አትደርስም፤ ብዙው ሰው አንዲቷ ያርድ ላይ ያዳልጠዋል። ያን ጊዜ ከምሳር የሚያድነው ምክንያቱ ብቻ ነው።

እኛማ ሰኞ ጠዋት መጮኻችንን አንተውም፤ ቢያንስ ግን ጅቡ በየት በኩል እንደመጣ አይተን እንጩኽ።

ቸር እንሰንብት።