«እንኳን ማርያም ማረችሽ»



አራስ ስንጠይቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ለምን? እናቶቻችን ሲወልዱ ከሞት ጋር ይተናነቁ ስለነበር ነው። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትጓዝ ሐኪም ሳታይ መንገድ ላይ ትቀር ነበር። እኛም «ቀኗ ነው» ብለን ቀበርናት።

ቀኗ ግን አልነበረም። ታሪኩ ይኸው።

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ለገጠሩ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ማሠልጠን ጀመረ። ሆኖም አገሩ ሰፊ፣ ባለሙያው ጥቂት ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት 100,000 ሕፃናት ሲወለዱ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀመረ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ቤት ለቤት እየሄዱ አስተማሩ። ጤና ጣቢያም በየቦታው ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. የሟቾቹ ቁጥር ወደ 412 ወረደ። ዛሬም ብዙ ይቀራል።

የእርግዝና ክትትል ምን ይጠቅማል? የደም ግፊት ይለካል፤ ደምና ሽንት ይመረመራል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጣል። ደም ከፈሰሰ፣ ራስ ምታት ከበረታ፣ ዓይን ብዥ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ!

እህቶቼ፣ ይህ ልመና አይደለም፤ መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጉዳት የሚጠበቁበትን ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷል።

እርግዝናው እንደታወቀ ሂጂ። ባልሽም አብሮሽ ይሂድ። የቀጠሮው ቀን ካርዱ ላይ ተጽፏል። ፊደል ቆጥረሻልና፣ አንቺው ራስሽ አንብቢው።