አረቄና ሩም፦ ከቁይ ጓዳ እስከ ወንጂ ፋብሪካ



ዛሬ የምናገረው ስለ ነገሥታት ዘመቻ ወይም ስለ ገዳማት አይደለም፤ ስለ መጠጥ ነው። መጠጥ ስል ግን ትኩረቴ በሚያወጣው እጅ ላይ እንጂ በሚጠጣው ሰው ላይ አይደለም። ጥያቄዬም አጭር ነው። በደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ በቁይ ከተማ፣ አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በእህል ፈንታ ሞላሰስ ብታገኝ የመጀመሪያውን ሩም ማውጣት ይቻላታልን? ቢቻላትስ ምን ታተርፋለች፣ ምንስ ታጣለች?

በቅድሚያ ሙያውን እንመልከት። የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል። የዳጉሳ ወይም የበቆሎ ዱቄት ተቦክቶ ቂጣ ይጋገራል፤ ቂጣው ተቆራርሶ ከብቅል ጋር ጥንስሱ ውስጥ ይገባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፋው ሲረጋ ድፍድፉ በሸክላ ዕቃ ሆኖ እሳት ላይ ይጣዳል። የዕቃው አፍ በሚገባ ይመረግና በእንፋሎቱ መውጫ ላይ መቃ ይሰካል፤ የመቃው ሌላ ጫፍ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠ መቀበያ ይገባል። ውኃው በሞቀ ቁጥር ይለወጣል። አልኮል ከውኃ ቀድሞ ስለሚተን እሳቱን ያበዛች ሴት አረቄዋን ታቀጥናለች። አንድ ጊዜ የወጣው እንደገና ሲወጣ «ዳግም» ይባላል፤ ብርታቱም እሳት ተለኩሶበት በነበልባሉ ይፈተናል። ይህን «ኋላ ቀር ዘዴ» ብለው የሚያልፉት አሉ፤ እኔ ግን በቴርሞሜትር ፈንታ ጆሮንና አፍንጫን የሚጠቀም የተሟላ ኬሚስትሪ ነው እላለሁ።

ሞላሰስ በዚህ ሙያ ላይ የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነው። በእህል ውስጥ ያለው ስታርች ነው፤ ብቅል የሚያስፈልገውም ስታርቹን ወደ ስኳር ለመለወጥ ነው። ሞላሰስ ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ የተዘጋጀ ስኳር ነው። ስለዚህ ብቅል ማብቀልም ቂጣ መጋገርም ይቀራል። ሆኖም እንደ ማር የወፈረው ሞላሰስ እንዳለ ቢቀመጥ እርሾ አይሠራበትም፤ ለአንድ እጅ ሞላሰስ አራት እጅ ያህል ውኃ ጨምሮ ማቅጠን፣ ከዚያም ከቀድሞ ጥንስስ የቀረውን አምቡላ ማግባት ያሻል። የቀረው ያው ነው። ከማውጫው የሚወርደው ሩም እንደ አረቄ ጥርት ያለ ነው፤ ቡናማ ቀለሙ የሚመጣው በእንጨት በርሜል ሲቆይ ወይም የተቃጠለ ስኳር ሲጨመርበት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይቻላታል ነው፤ የጎደላት ጥሬ ዕቃው እንጂ ሙያው አይደለም።

ለምን ጎደላት? ሸንኮራ አገዳ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በየገበያው እየተቆረጠ ይሸጣል፣ ይመጠጣል። ነገር ግን ሞላሰስ ከአገዳ በቀጥታ አይገኝም፤ የአገዳው ጭማቂ ፈልቶ ስኳሩ ከረጋ በኋላ የሚቀር ጥቁር ዝቃጭ ነው። ስኳር በማይረጋበት አገር ሞላሰስ የለም። በባርቤዶስ ደሴት በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሩም የታወቀው በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ከሚለፉባቸው የስኳር እርሻዎች ዝቃጩ በገፍ ስለተረፈ ነው። የጎጃም አረቄ ከገበሬ ጎተራ ሲወለድ ሩም የተወለደው ከእርሻው ጌታ ትርፍራፊ ነው።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የስኳር ምርት የተጀመረው በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ነው። ፋብሪካውን የተከለው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ የስኳር ይዞታ የነበረው ነው። እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ፤ በጃቫ ከሞላሰስ የሚወጣ፣ ከሩም እጅግ የቀረበ መጠጥ አለ፤ ስሙም «አራክ» ነው። የእኛ «አረቄ»ም የእነርሱ «አራክ»ም የተወለዱት «ላብ» የሚል ፍቺ ካለው ከዓረብኛው «ዐረቅ» ነው፤ ከማውጫው ጠብ ጠብ የሚለው ጠብታ ላብ ይመስላልና። ስሙ ከዓረብ ምድር በሁለት አቅጣጫ ተጉዞ አንዱ ዳጉሳ፣ ሌላው ሞላሰስ አግኝቷል።

ከወንጂ በኋላ መተሐራና ፊንጫ ተከተሉ፤ ሞላሰሱ ግን ወደ ጓዳ አልገባም። ወደ አልኮል ፋብሪካ ሄደ፣ ለከብት ማድለቢያ መኖ ሆነ፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ ኢታኖል ተለውጦ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ተቀላቀለ። በየከተማው መጠጥ ቤት የሚቀዳው የአገር ውስጥ ጂንና ኡዞም የአልኮል ፋብሪካ ልጅ ነው። ይሁንና የሞላሰሱ ጠረን እስኪጠፋ ተጣርቶ ሌላ ጣዕም ስለሚጨመርበት ሩም አንለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ። ትርፉ ቀላል አይደለም። ለአረቄ የሚውለው እህል ለእንጀራ ይተርፋል፤ ለቂጣው የሚነደው ማገዶም ይድናል፤ ዛፍ በተመናመነበት ደጋ ይህ ብቻውን ክርክሩን ሊዘጋ በተቃረበ ነበር። ነገር ግን ዳጉሳ የምትገዛ ሴት ከጎረቤቷ ገበሬ ጋር ትከራከራለች፤ ቢወደድባት በቆሎ ትገዛለች። ሞላሰስ የምትገዛ ሴት ግን የምትገዛው ከአንድ በር ነው። የሰሜን አሜሪካ ሩም አውጪዎች ይህን ቀምሰዋል። ሥራቸው በካሪቢያን ሞላሰስ ላይ ስለቆመ የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1733 ከሌሎች መንግሥታት ደሴቶች በሚመጣው ሞላሰስ ላይ ከባድ ቀረጥ ሲጥል አብዛኞቹ ወደ ኮንትሮባንድ ገቡ። እነርሱ መርከብና ጠበቃ ነበራቸው፤ የቁይዋ ሴት ያላት እንስራና መቃ ነው።

ሌላም አለ፤ በጥናቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው አተላው። አረቄው ከወጣ በኋላ የሚቀረው የእህል አተላ ለከብት ይሰጣል፤ ላም የሌላት ለጎረቤት ሰጥታ ወተት ወይም ኩበት ታገኝበታለች። ከሞላሰስ የሚቀረው ግን ጨው የበዛበት ጥቁር ፈሳሽ ነው። ጃማይካውያን ከፊሉን ለቀጣዩ ጥንስስ ማጣፈጫ ያስቀምጡታል፤ የቀረውን የሚደፉበት ቦታ መፈለግ አለባቸው። በቁይም ቢሆን ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ መቆፈር ግድ ይሆናል፤ ላሟም ሌላ መኖ ትጠብቃለች።