ከቁጥር ወደ ምስል፣ ከምስል ወደ ቁጥር፦ የአንጎል ኤምአርአይ ልኬት ታሪክ

ኤምአርአይ ምስል ማንሻ ከመሆኑ በፊት መለኪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ፌሊክስ ብሎክ በስታንፎርድ፣ ኤድዋርድ ፐርሰል በሃርቫርድ፣ ሳይመካከሩ አንድ ግኝት ላይ ደረሱ፤ በማግኔት ውስጥ ያለ የሃይድሮጂን ኑክሊየስ ለሬዲዮ ሞገድ ምላሽ ይሰጣል። ብሎክ የፈተነው ውኃን፣ ፐርሰል ፓራፊንን ነበር። በ1952 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ምላሹ በሁለት ጊዜያት ይለካል። በሬዲዮ ምት የተናወጡት ኑክሊየሶች ወደ ቀድሞ አሰላለፋቸው የሚመለሱበት ጊዜ ቲ1 ይባላል። አብረው ሲሽከረከሩ የቆዩት እየተዛነፉ ምልክታቸው የሚከስምበት ጊዜ ደግሞ ቲ2 ነው። ሆኖም ማግኔቱ ራሱ ወጥ ካልሆነ ምልክቱ ያለ ጊዜው ይከስማል። በ1950 ኤርዊን ሃን መላ አገኘለት፦ ሁለተኛ ምት ሲላክ የጠፋው ምልክት እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣል።

ልኬቱን ወደ ሕክምና ያመጣው ሬይመንድ ዳማዲያን ነው። በ1971 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ከአይጦች የተወሰዱ የካንሰር ዕጢዎች ቲ1 እና ቲ2 ከጤነኛ ህብረ ሕዋስ የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ያን ጊዜ ምስል አልነበረም፤ የጥናቱ ውጤት ቁጥሮች ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፖል ላውተርበር የማግኔቱ ጉልበት ከቦታ ቦታ ቀስ በቀስ እንዲለያይ በማድረግ፣ ውኃ የያዙ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችን ምስል አወጣ። እሱና የኖቲንግሃሙ ፒተር ማንስፊልድ በ2003 የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ።

ከዚያ ወዲህ ምስሉ ቁጥሩን ጋረደው። ቲ1ን ለመለካት አንዱን የአንጎል ክፍል በተለያየ የቆይታ ጊዜ ደጋግሞ ማንሳት ያስፈልግ ነበርና፣ ታማሚው ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ለረጅም ጊዜ መተኛት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ባሕርይ ያዘነበሉ ምስሎችን መረጡ፤ ወደ ቲ1 ባዘነበለው የአንጎል ፈሳሽ ይጠቁራል፣ ወደ ቲ2 ባዘነበለው ይነጣል። ለዓይን ይህ ይበቃል። ነገር ግን ድምቀቱ መስፈሪያ የለውም፤ አንድ አንጎል በሁለት መሣሪያዎች ሲነሳ ድምቀቱ ሊለያይ ይችላል። ቲ1 ግን በሰከንድ ይሰፈራል፦ በ1.5 ቴስላ ማግኔት የነጩ የአንጎል ክፍል 600 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ የግራጫው ወደ 1000፣ የፈሳሹ ደግሞ ወደ 4000 ይጠጋል።

ወደ ቁጥር የመመለሱ ጉዞ የተፋጠነው በ2000ዎቹ ነው። በ2008 በስዊድን ሊንሾፒንግ የሚሠሩት ማርሴል ዋርንትየስና ባልደረቦቹ ቲ1ን፣ ቲ2ንና የፕሮቶን (የሃይድሮጂን ኑክሊየስ) መጠንን በአንድ ቅኝት፣ 5 ደቂቃ ገደማ ውስጥ የሚለካ ዘዴ አሳተሙ። የሬዲዮው ምት ጭንቅላት ውስጥ እኩል ስለማይደርስ መዛባቱም አብሮ ተለክቶ ይታረማል። ቁጥሮቹ ከተገኙ በኋላ፣ ታማሚው ከመሣሪያው ከወረደም በኋላ፣ ሐኪሙ የለመዳቸውን ምስሎች ኮምፒውተር አስልቶ ያወጣለታል።

በ2013 ደግሞ በክሊቭላንድ የዳን ማ እና የማርክ ግሪስዎልድ ቡድን «የጣት አሻራ» የተሰኘውን ዘዴ «ኔቸር» ላይ አስነበበ። እዚህ ምቶቹ ሆን ተብሎ ሥርዓት የለሽ እንዲሆኑ ይደረጋሉ። እያንዳንዱ ህብረ ሕዋስ ለዚህ የሚሰጠው ምላሽ የራሱ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ካሰላቸው በርካታ ምላሾች ጋር እያመሳከረ ቲ1ንና ቲ2ን በአንድ ጊዜ ያነባል፤ ፖሊስ አሻራን ከመዝገብ እንደሚያመሳክር ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው የነርቭ በሽታ ጎልቶ ይታያል። በዚህ በሽታ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ማይሊን ሲላጥ የውኃው መጠን ይጨምራል፣ ቲ1 እና ቲ2ም ይረዝማሉ፤ ለውጡ ከዓመት ዓመት በቁጥር ሊነጻጸር ይችላል። ዳማዲያን በ1971 ከተቆረጠ ሥጋ የለካቸው ሁለቱ ጊዜያት ዛሬ በሕያው አንጎል ነጥብ በነጥብ ይለካሉ።