ዳግም ሊቆጠር የሚችል ድምፅ

እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2003 ቤልጅየም ውስጥ በተካሄደው ምርጫ፣ የብራስልስ አካል በሆነችው ስካርቤክ አንዲት ዕጩ በምርጫ ሥርዓቱ ሊገኝ ከሚችለው በላይ ድምፅ ተመዘገበላቸው። ስህተቱ የተነቃበት ቁጥሩ የማይቻል በመሆኑ ነው። መራጩ ምርጫውን የያዘውን የማግኔት ካርድ ኮሮጆ ውስጥ ይከተው ስለነበር፣ ካርዶቹ እንደገና ተነበቡ። ትርፉ ልክ 4096 ሆኖ ተገኘ። የኮምፒውተር ባለሙያ ይህን ቁጥር ሲያይ ይጠረጥራል፤ 1ን አሥራ ሁለት ጊዜ እጥፍ እያደረግን ብንሄድ የምንደርሰው እዚያው ላይ ነውና። ድምፁን በሚቆጥረው ማሽን ሜሞሪ ውስጥ አንዲት ቢት ከ0 ወደ 1 ተገልብጣለች ማለት ነው። መርማሪዎች ስህተቱ እንዲደገም ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም፤ ከጠፈር የመጣ ጨረር ሳይሆን አይቀርም የሚል መላምት ቀረበ።

እዚህ ላይ ሰርጎ ገብም ሆነ አጭበርባሪ አልታየም። የተገለበጠችው ቢት ሌላ ሆና ትርፉ 64 ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ማን ልብ ይለው ነበር? የምርጫ ማሽኖች ደኅንነት ክርክር ጠለፋ ላይ ብቻ ሲያተኩር ይህ ጥያቄ ይዘነጋል።

የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አልዘነጋውም። በ2005 ምርጫ ያገለገሉት የኔዳፕ ኩባንያ ማሽኖች ድምፁን የሚይዙት በሜሞሪ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ማርች 3 ቀን 2009 በሰጠው ውሳኔ፣ የምርጫው ዋና ዋና ሂደቶች የተለየ ሙያ በሌለው ዜጋ ሊረጋገጡ ይገባል በማለት የማሽኖቹን አጠቃቀም ኢሕገ መንግሥታዊ ብሎታል። ማሽኖቹ ተሳስተዋል የሚል ማስረጃ ስላልተገኘ ምርጫውን አልሰረዘም። የውሳኔው ብርታትም እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳት እስኪደርስ አልጠበቀም።

የአሜሪካዋ ጆርጂያ እስከ 2019 በወረቀት አልባ ማሽኖች ስትጠቀም ቆይታለች። በ2020ው የፕሬዚዳንት ምርጫ ግን ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ወረቀት በእጅ ተቆጠረ፤ በጥቂት ካውንቲዎች ሳይቆጠሩ የቀሩ ድምፆች ቢገኙም አሸናፊው አልተለወጠም። ወረቀቱ ባይኖር በወቅቱ የተሰማው ያ ሁሉ የማጭበርበር ውንጀላ በምን ይፈተሽ ነበር? ይሁን እንጂ አዲሱ አሠራርም ክፍተት ነበረው። ማሽኑ ያትመው ከነበረው ወረቀት ላይ ስካነሩ ያነብ የነበረው ኪውአር ኮዱን ሲሆን፣ መራጩ ማንበብ ይችል የነበረው ግን የዕጩውን ስም ነው። መራጩ ስሙን ሳያረጋግጥ ወረቀቱን ካስገባ፣ ዳግም ቆጠራውም ማሽኑ ያተመውን ከመቁጠር አያልፍም። ስለዚህ መራጩ ወረቀቱን በእስክርቢቶ ይሙላ፣ ስካነር ይቁጠረው፤ ውጤቱ ከመጽደቁ በፊትም በዕጣ የወጡ ወረቀቶች በታዛቢዎች ፊት በእጅ ይቆጠሩ።