ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የአገሩን እርሻ በሦስት ስም ከፈለው፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። ለሙ በጋሻ 15 ብር፣ ለም ጠፉ 10፣ ጠፉ 5 ብር እንዲከፈልበት ተደነገገ። ስሌቱንማ የቄስ ተማሪም በጣቱ ይጨርሰዋል። ጣጣው ያለው ከስሌቱ በፊት ነው። «ይህ ማሳ ለም ነው ወይስ ለም ጠፍ?» የሚለውን የሚወስነው መዳቢው ነው። ገበሬው የሚከፍለውም ማሳው በሰጠው ምርት ሳይሆን ማሳው በተሰጠው ስም ልክ ነው።

እንግዲህ ዘዴው ይኸው ነው፤ ከፍል፣ ለየክፍሉ አስላ፣ መልሰህ ሰብስብ። ዛሬ ይህንን ኮምፒዩተር ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን «አር» የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ጀመሩ። በቋንቋው ውስጥ «ታፕላይ» የምትባል ትእዛዝ አለች። ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ ቁጥሮቹን፣ ምድባቸውንና የሚሠራውን ስሌት። ወረዳ በወረዳ አማካይ አውጪ ካሏት በዓይን ጥቅሻ ታወጣለች። ምድቡ ልክ ይሁን አይሁን ግን አትጠይቅም፤ ይህ የእርሷ ሥራ አይደለም።

ምሳሌ እንውሰድ። በጤፉ በታወቀው በምንጃር፣ በአረርቲ ዙሪያ ሁለት ቀበሌዎች አሉ እንበል። በአንዱ 10 ገበሬዎች በአማካይ 20 ኩንታል፣ በሌላው 90 ገበሬዎች በአማካይ 10 ኩንታል አገቡ። ሁለቱን አማካዮች ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ባለሙያ «አማካዩ 15 ኩንታል ነው» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ኩንታሉ ሁሉ ለ100 ገበሬ ሲካፈል ግን 11 ነው። አራቱ ኩንታል በማንም ጎተራ የለም፤ ሪፖርቱ ላይ ብቻ ነው ያለው።

መመደብ ግን ክፋት ብቻ አይደለም፤ ጅምላው የደበቀውንም ያወጣል። በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የሕዝብ ቆጠራ ኢትዮጵያ 53.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። በ1999ኙ ቆጠራ 73.8 ሚሊዮን ያህል ሆነች። ጅምላውን ያየ ሰው ዕድገቱ በዓመት 2.6 በመቶ ነው ብሎ ያልፋል። ያው ስሌት ክልል በክልል ሲሠራ ግን አማራ ክልል ከ13.8 ወደ 17.2 ሚሊዮን ብቻ አድጎ ተገኘ፤ በዓመት 1.7 በመቶ መሆኑ ነው። አስቀድሞ ከተገመተው በ2 ሚሊዮን 400 ሺሕ ገደማ ያንሳል። ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ ጉዳዩ ብርቱ ጥያቄ አስነሣ። ቢያስነሣ አይደንቅም። የፌዴራሉ ድጎማ ቀመር ውስጥ የሕዝብ ቁጥር አለ፤ የቁጥር ጉድለት የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጉድለት ይሆናል።

«ታፕላይ» አንድ ልማድ አላት። ምድቡ ያልተጻፈለት ሰው ሲመጣ ስሕተት አለ ብላ አትጮህም። ከየትኛውም ክፍል ሳታስገባ ዝም ብላ ታልፈዋለች። የምድቦቹ ድምር ከጠቅላላው ማነሱን የሚያውቀው ደምሮ ያመሳከረ ብቻ ነው። ወረዳው ያልተመዘገበ ተፈናቃይ፣ ከገጠር ወጥቶ ከተማው ገና ያልቆጠረው የቀን ሠራተኛ፣ በሰንጠረዡ ውስጥ አማካይ የላቸውም፤ ጉድለትም የላቸውም። የሉም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ይላል። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ከተራዘመ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተላለፈ። ከዚያ ወዲህም አልተቆጠርንም። አረርቲም ሆነ ሌላው ከተማ ዛሬ ስንት ሰው አለው ሲባል የሚሰጠው ቁጥር ትንበያ ነው፤ ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ ወደ ፊት የተሰላ። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዛሬ ለምርጫ ደርሷል። መነሻው ጎድሎ ከነበረ ጉድለቱም አብሮ እያደገ ነው።

ስለዚህ አማካይ ይዞ የሚመጣ ሹም ወይም ባለሙያ ሲያጋጥመን ስሌቱን እንዴት እንደሠራ አንጠይቀው፤ እሱን ማሽኑ ይሠራዋል። በምን መደብክ? ማን መደበ? ማንስ ከምድብ ቀረ? እንበለው። ማሳው ለም ጠፍ ሆኖ ሳለ ለም የተባለበት የ1934ቱ ገበሬ፣ ዕድል ቢያገኝ ኖሮ፣ ይህንኑ ነበር የሚጠይቀው።