የክምችት ቁጥጥር ሥርዓት፦ የቃሉ ፍቺና በደቡብ ቆላ ከተሞች ችርቻሮ ንግድ ያለው አገባብ

«የክምችት ቁጥጥር ሥርዓት» የሚለው ስያሜ በእንግሊዝኛው «ኢንቬንተሪ ኮንትሮል ሲስተም» ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ እዚህ የቀረበ የአማርኛ አቻ ነው። ፍቺውም አንድ የንግድ ቤት ለሽያጭ የያዘው ዕቃ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ፣ በምን ዋጋ እንደተገዛና መቼ እንደገና መታዘዝ እንዳለበት ዘወትር የሚያሳውቅ የመዝገብ፣ የደንብና የአሠራር ጥምረት ማለት ነው። ጥምረቱ በወረቀት ካርድ ሊካሄድ ይችላል፤ በኮምፒውተር ወይም በስልክ በሚሠራ ፕሮግራም ሲካሄድ ደግሞ መሣሪያው «የክምችት ቁጥጥር ሶፍትዌር» ይባላል። ሁለቱን ለይቶ መጥራት ተገቢ የሚሆነው በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ ከተሞች፣ ለምሳሌ በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በዶሎ አዶ ያለ ባለሱቅ ሶፍትዌር ገዝቶ ሥርዓት ሳይኖረው ሊቀር፣ በአንጻሩም አንድም ኮምፒውተር ሳይኖረው ሥርዓቱን ሊይዝ ስለሚችል ነው።

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ ሌሎች ቃላትም ሲያገለግሉ ቆይተዋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ገቢ የሚደረግበት ሞዴል 19ና ወጪ የሚደረግበት ሞዴል 22 የሚገኙት «በንብረት አስተዳደር» ሥር ነው፤ ይሁን እንጂ «ንብረት» ጠረጴዛውንና መኪናውንም ስለሚያጠቃልል፣ ለመሸጥ ብቻ የተያዘን ሸቀጥ ነጥሎ አያመለክትም። «ቆጠራ» የሚለው ቃል የሥርዓቱን አንድ ተግባር ብቻ ይጠራል፤ በነጋዴው አፍ የተለመደው «ስቶክ» ደግሞ ዕቃውን እንጂ ቁጥጥሩን አይናገርም። «ክምችት» ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ሳለ አንድ ጥላ አለበት፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከሚከለክለው ሸቀጥን ከገበያ ደብቆ ከመያዝ ድርጊት ጋር በሕዝብ አነጋገር አብሮ ይነሳል። ቃሉ በዚህ ምክንያት የሚጣል አይደለም፤ በሕጋዊ የጥንቃቄ ክምችትና በድበቃ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳየው ራሱ ቁጥጥሩ ነውና።

የአሠራሩ ሥር ሩቅ ነው። በ1494 እ.ኤ.አ. የጣልያኑ መነኩሴ ሉካ ፓቺዮሊ ስለ ሒሳብ አያያዝ ባሳተመው መጽሐፍ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ያለውን ሁሉ ቆጥሮ እንዲመዘግብ መክሯል፤ በ1913 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፎርድ ሃሪስ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ማዘዝ ወይም ማምረት እንደሚያዋጣ የሚያሰላ ቀመር አወጣ፤ ባርኮድ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሱፐርማርኬት የተነበበው ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት በአንድ ጥቅል ማስቲካ ላይ ነበር።

ክምችትን የመመዝገብ ዘዴ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው «የወቅት ቆጠራ» ሲሆን፣ በዓመቱ መጀመሪያ በነበረው ዕቃ ላይ የተገዛው ተደምሮ፣ በዓመቱ መጨረሻ ተቆጥሮ የተገኘው ሲቀነስ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ይገኛል። ብዙው ነጋዴ ሰኔ 30 መደርደሪያውን የሚቆጥረው ለግብር ማስታወቂያ ይህ አኃዝ ስለሚያስፈልገው ነው። ዘዴው ቀላል ቢሆንም የተሸጠውን፣ የተሰረቀውን፣ የተበላሸውንና በአይጥ የተበላውን ሁሉ በአንድነት «ተሸጠ» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው «ተከታታይ ምዝገባ» እያንዳንዱን ገቢና ወጪ በዕለቱ ይዞ፣ ቀሪውን በማናቸውም ሰዓት ይናገራል፤ መደርደሪያው ላይ ተቆጥሮ የተገኘው መዝገቡ ከሚለው ሲያንስ ልዩነቱ «ጉድለት» ተብሎ ለብቻው ይወጣል። ሶፍትዌር የሚያስፈልገው በዋነኛነት ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

በደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ የተደረገው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ በተለምዶ «ካሽ ሬጅስተር» የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከክምችት ቁጥጥር ጋር ይምታታል። መሣሪያው ለግብር ሰብሳቢው የወጣውን ደረሰኝ ይይዛል፤ ከጅምላ ሻጭ የገባውን፣ በመንገድ የተሰበረውንና በመጋዘን የቀረውን ግን አያውቅም። ስለዚህ የሥርዓቱን አንድ በር ብቻ ይጠብቃል።

የሥርዓቱ ልብ የሚገኘው ቀሪውን በማወቅ ላይ ሳይሆን ቀሪው ስንት ሲደርስ ማዘዝ እንደሚገባ በመወሰን ላይ ነው። ይህ መጠን «የማዘዣ ነጥብ» ይባላል። ትዕዛዝ ከተላከበት ቀን ዕቃው ሱቅ እስከሚደርስበት ቀን ያለው ጊዜ «የመድረሻ ጊዜ» ሲባል፣ ከመደበኛው ፍላጎት በላይ ለክፉ ቀን የሚያዘው ደግሞ «የጥንቃቄ ክምችት» ነው። ለምሳሌ አንድ ሱቅ በቀን በአማካይ 4 ካርቶን ፓስታ ቢሸጥና ዕቃው ከሐዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ በ6 ቀን ቢደርስ፣ በመንገድ ላይ ላለው ጊዜ 24 ካርቶን ይበቃዋል። ሽያጩ በቀን እስከ 6 ካርቶን ሊያድግ፣ ዕቃውን የሚያመጣው አይሱዙ የጭነት መኪና ደግሞ እስከ 9 ቀን ሊዘገይ የሚችል ከሆነ ግን የሚያስፈልገው 54 ካርቶን ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ያለው 30 ካርቶን የጥንቃቄ ክምችቱ ሲሆን፣ ባለሱቁ ትዕዛዝ መላክ ያለበት ቀሪው 54 ሲደርስ ነው።

ይህ ስሌት ለአዲስ አበባ ሱቅ እምብዛም አያስጨንቅም፤ መርካቶ ቅርብ ነው፤ ጠዋት ያለቀው ከሰዓት በኋላ ይተካል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ለምትገኘው ለነጌሌ፣ ከዚያም አልፎ በፊልቱ በኩል ዕቃ ለሚጠብቀው ለዶሎ አዶ ግን የመድረሻው ጊዜ ራሱ ተለዋዋጭ ነው፤ ዝናብ መንገዱን ሲያበላሸው፣ ጸጥታ ሲደፈርስ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ 6 ቀን የነበረው 15 ሊሆን ይችላል። ለትልልቅ ከተሞች ታስበው የተሠሩ ብዙ ሶፍትዌሮች የመድረሻ ጊዜን አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚተው ቋሚ ቁጥር አድርገው ስለሚይዙት፣ በቆላው ከተማ የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ ዘግይቶ ይደርሳል። ባለሱቁ ትዕዛዝ የላከበትንና ዕቃ የተረከበበትን ቀን በየጊዜው ቢመዘግብ፣ ከማንኛውም ውድ ፕሮግራም የበለጠ የሚጠቅም መረጃ በእጁ ይኖረዋል።

በአካባቢው ይህ አሠራር በተሟላ ደንብ የሚታየው በሱቅ ሳይሆን በመድኃኒት አቅርቦት ዘርፍ ነው። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 በኤጀንሲነት የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው ተቋም ቅርንጫፍ ካላቸው ከተሞች አንዷ ነጌሌ ቦረና ናት። ጤና ተቋማት የሚሠሩበት የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት፣ ከዕቃው አጠገብ የሚሰቀል «ቢን ካርድ» እና ለብቻው የሚያዝ የክምችት መዝገብ ካርድ እንዲኖር ያዝዛል፤ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎችም በየ2 ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ይልካሉ። ለእነዚህ ተቋማት የተወሰነው ከፍተኛ ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ፍጆታ ሲሆን፣ ቀሪው ወደ ሁለት ሳምንት ፍጆታ ሲወርድ መደበኛው ጊዜ ሳይጠበቅ አስቸኳይ ትዕዛዝ ይላካል። በጤና ተቋማት ያገለገለው ሶፍትዌር «ዳጉ» የተባለው አፋሮች ወሬ ከሚለዋወጡበት ባህል ተወስዶ ነው፤ ስያሜው ሥርዓቱ በመሠረቱ የመረጃ ልውውጥ መሆኑን የተረዳ ሰው ያወጣው ይመስላል። ሱቅ የ4 ወር ፓስታ የመያዝ አቅምም ምክንያትም ባይኖረውም፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ወሰን በወር ፍጆታ መለካቱንና ካርዱ ከዕቃው ጋር መኖሩን እንዳለ ሊወርሰው ይችላል።

ከመድኃኒት የሚለየው የሸቀጥ ፍላጎት ግን እንደ ገበያውና እንደ ዝናቡ ይወጣል ይወርዳል። የቦረናና የጉጂ አርብቶ አደር ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ዱቄት፣ ሩዝና ጨርቅ የሚገዛው በአብዛኛው ከብት ወይም ፍየል ሸጦ ስለሆነ፣ የሱቁ ሽያጭ በከብት ገበያ ቀን ዘልሎ በማግሥቱ ይወድቃል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ዝናብ፣ «ጋና»፣ እና ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጠበቀው «ሀጋያ» መልካም ሲሆኑ ወተት ስለሚበዛ የተገዛ እህል ፍላጎት ይቀንሳል፤ ዝናቡ ሲቀር የከብት ዋጋ ወድቆ የእህል ዋጋ ስለሚሰቀል፣ ፍላጎቱ ሲበረታ የመግዛት አቅሙ ይከዳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉባቸው ዓመታት የቀድሞ ዓመት አማካይ ሽያጭን መነሻ ያደረገ ማንኛውም ትንበያ ሊሠራ አይችልም ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ የሶፍትዌሩ አኃዝ የነጋዴውን ፍርድ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይሆንም።

አማካዩ ራሱ በባዶ መደርደሪያ ሊዛባ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ 80 ካርቶን የሸጠ ሱቅ ለ10 ቀን ዕቃ ጨርሶ ከነበረ፣ የቀን ፍላጎቱ 80 ለ30 ሲካፈል የሚገኘው 2.7 ሳይሆን 80 ለ20 ሲካፈል የሚገኘው 4 ነው። ዕቃ ያለቀባቸውን ቀናት የማይቆጥር መዝገብ በሚቀጥለው ወር አሳንሶ ያዝዛል፤ አንሶ የታዘዘው ቶሎ ያልቃል፤ ስሕተቱም ራሱን እያባዛ ይሄዳል።

የመለኪያው ጉዳይ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሶፍትዌር የሚወድቀው በእርሱ ነው። ስኳር በኩንታል ተገዝቶ በኪሎ፣ በግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም በብርጭቆ ይሸጣል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ 1 ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑን፣ ብርጭቆውም ስንት ግራም እንደሚይዝ ማወቅ፣ በሚዛንና በመፍሰስ ለሚጠፋውም ቦታ መተው አለበት። አንዱ ዕቃ በአንድ ሱቅ ውስጥ «ስኳር»፣ «ሹካራ» እና «ሶንኮር» እየተባለ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ስለሚጠራ፣ ሦስት ዕቃ ሆኖ እንዳይመዘገብ ለእያንዳንዱ ሸቀጥ አንድ «የዕቃ መለያ ቁጥር» ይሰጠዋል። የማብቂያ ቀንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ በማሸጊያ ላይ 03/2025 ተብሎ የሚታተመው የእ.ኤ.አ. ማርች ሲሆን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22 ቀን 2017 ይውላል፤ ሠራተኛው ሦስተኛውን ወር ኅዳር፣ ዓመቱንም የሀገር ቤት ካደረገው ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ለዓመታት የሚቆይ መስሎ ይታያል። ማብቂያው የቀረበው አስቀድሞ እንዲወጣ የሚያዝዘው ደንብ «ቀድሞ የሚያልፍ ቀድሞ ይውጣ» ይባላል።

«ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» የሚለው ተመሳሳይ ሐረግ በሒሳብ ሲሆን የዋጋ ጥያቄ ነው። አንድ ነጋዴ 10 ካርቶን እያንዳንዱን በ1,000 ብር፣ ቀጥሎ 10 ካርቶን እያንዳንዱን በ1,300 ብር ገዝቶ 12ቱን ቢሸጥ፣ በዚህ ደንብ የሽያጩ ወጪ 12,600 ብር ሲሆን፣ «በአማካይ ዋጋ» ስሌት ግን 13,800 ብር ይሆናል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ልዩነቱ ለነጋዴው የወረቀት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ በአሮጌ ዋጋ አትርፎ የሸጠ የሚመስለው ሰው በገንዘቡ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት ሊያቅተው ይችላልና።

ዱቤም ከሥርዓቱ ውጭ ሊተው አይገባም። አርብቶ አደሩ ከብት እስኪሸጥ በእምነት የሚወስደው ስኳርና ዱቄት ከመደርደሪያ የወጣ፣ ገንዘቡ ግን ያልገባ ዕቃ ነው፤ በዱቤ ደብተር ብቻ ተጽፎ ከክምችት መዝገቡ ካልተቀነሰ በቆጠራ ቀን ጉድለት ሆኖ ይታያል፤ ምንም ያልወሰደ ሠራተኛም ሊጠረጠርበት ይችላል።

ስለ ሶፍትዌሩ ዓይነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለትንሽ ሱቅ ኤክሴል ይበቃል፤ የሒሳብ ሠራተኛ ያለው ጅምላ አከፋፋይ በሀገሪቱ ማሠልጠኛዎች የሚታወቀውን ፒችትሪ ሊጠቀም ይችላል፤ በስልክ የሚሠሩትም እየበዙ ነው። በቆላ ከተሞች መለኪያው መብራትና ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓት መመዝገቡን የማያቋርጥ፣ ግንኙነቱ ሲመለስ ደግሞ መረጃውን ያለ ድግግሞሽ የሚያዋህድ መሆኑ ነው። ፕሮግራሞቹ ሸቀጥን እንደ ሽያጭ ፍጥነቱና ዋጋው «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብለው የመመደብ ልማድ አላቸው፤ ነጋዴው ከግብር ከፋይ ደረጃዎች ጋር ስለሚያምታታው «ፈጣን»፣ «መካከለኛ» እና «ዘገምተኛ» ቢባሉ ይሻላል። ምዝገባ የሚጀምር ሱቅም ሁሉንም ዕቃ በአንድ ቀን ለማስገባት ከሚደክም ፈጣኖቹን አስቀድሞ ቢይዝ፣ እነርሱንም በየሳምንቱ እየቆጠረ ከመዝገቡ ጋር ቢያስተያይ ሥራው ይቀልለታል።

ስለ ድበቃ የተነሳው ጉዳይ የሚፈታው በዚሁ መዝገብ ነው። 54 ካርቶን ፓስታ በመጋዘኑ የተገኘበት የነጌሌ ነጋዴ በየቀኑ መሸጡን፣ የመጨረሻዎቹ ጭነቶች በስንት ቀን እንደደረሱና የማዘዣ ነጥቡ ከየት እንደመጣ በተከታታይ ምዝገባ ማሳየት ይችላል፤ ሸቀጡን ከገበያ ያገደ ነጋዴ መዝገብ ግን በሐቅ ከተያዘ የሚያሳየው ገቢ ብቻ ነው።